የአባት ወንበር

አባቴ በሞተ በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞህ ልጄ፤ የአባትህ ወንበር ለባዳ አይሰጥም» አሉኝ። አለቀስኩ። ደግነት ነው የመሰለኝ። እውነትም ደግነት ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ለደንቡ ያህል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰባት ሆነን ተፈተንን። ከሰባቱ አንዷ የሰፈሬ ልጅ ናት። ከእኔ የተሻለ ውጤት ይዛ የተመረቀች፣ አባቷ ማን እንደሆነ ከሰፈራችን ውጭ ማንም የማያውቃት ልጅ። ስንወጣ «ሦስተኛውን ጥያቄ እንዴት ሠራኸው?» አለችኝ። ባዶ ትቼው ነበር የወጣሁት። ውጤት ሲለጠፍ አንደኛ እኔ ሆንኩ። እሷ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስሜን አነበበች፤ ዞር ብላ አየችኝ፤ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝና ሄደች።

በዚያ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ከዚህ በታች ስለ ወራሾች ክፉ ክፉ ነገር ስለምናገር ነው። በኋላ «አንተስ?» እንዳትሉኝ። እኔም ከነሱ ነኝ፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየን።

* * *

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመጣብኛል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ዘውድ፣ ካባ፣ ከሥር ዋሽንት። ታች ደግሞ «ልጃቸው ቢተኩ ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር» የሚል አስተያየት፤ የሚጽፉት ደግሞ በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። ዘውዱን አላዩትም፤ እኔም አላየሁትም። የሚሉት ነገር ግን ሲጠቃለል ይሄ ነው፦ ምርጫ አየነው፣ አብዮት አየነው፣ ሁሉም ደም ነው፤ ይልቅ አባት ያሳደገው፣ ከልጅነቱ መንግሥት ሲሠራ ያየ ሰው ይሻላል።

እስቲ መጀመሪያ ራቅ ብለን እንይ።

ቶጎ። ኛሲንግቤ ኤያዴማ 38 ዓመት ገዝተው እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2005 ሞቱ። ሕገ መንግሥቱ የሚለው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይተካ ነው። አፈ ጉባኤው ከውጭ እየተመለሱ ነበር። ሠራዊቱ ድንበሩን ዘጋ፤ አውሮፕላናቸው ሎሜ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤት ቤኒን አረፈ። በዚያው ቀን ልጃቸው ፎር ፕሬዚዳንት ተባለ። በማግስቱ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሕጉን እንደ ልብስ በልኩ አስጠበበው። ጎረቤት አገሮች ሲጮኹ ወረደ፤ ከሁለት ወር በኋላ በምርጫ ተመለሰ። በዚያ ምርጫ ዙሪያ ከ400 እስከ 500 ሰው መሞቱን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ጽፈዋል። ሰውየው ዛሬም እዚያው ነው። የፕሬዚዳንትነት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል የመንግሥቱ ቅርጽ ተቀየረና እ.ኤ.አ. በ2025 በሌላ ማዕረግ፣ የዘመን ገደብ በሌለበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ቻድ። ኢድሪስ ዴቢ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ሞቱ። እዚህም ሕጉ አፈ ጉባኤው ይላል፤ እዚህም ጄኔራሎቹ የ37 ዓመቱን ልጅ ማሐማትን አስቀመጡ። ኮንጎ። ሎራን ካቢላ እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ተገደሉ፤ በቀናት ውስጥ የ29 ዓመቱ ጆሴፍ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ዘመኑ በ2016 ቢያልቅም እስከ 2019 አልተነሳም። ጋቦን። ኦማር ቦንጎ ከ1967 እስከ 2009፣ ልጃቸው አሊ ከ2009 እስከ 2023፤ ሁለቱ ሲደመሩ 56 ዓመት ገደማ። መጨረሻው ምርጫ አልነበረም፤ የገዛ ጠባቂዎቹ ናቸው ያወረዱት።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው አንድ ነገር ይታያል። ወራሹን የመረጠው አባቱ አይደለም፤ አባትየውማ ሞቷል። የመረጡት አባትየው ያበላቸው ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ የበላውስ? የበላው እንዳይሻር የሟቹን ልጅ ያነግሣል። ልጁ ለነሱ ክዳን ነው፤ ድስቱ እንዳይገለጥ።

* * *

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ወደ ሐረር።

ጁገል ውስጥ ስታልፉ፣ በር ላይ የተቀመጡ እናት «የማን ልጅ ነህ?» ይሏችኋል። ጥያቄው ክፋት የለውም። መልሱን ካወቁ ቡና ይቀዱላችኋል። ግን ይቺ ከተማ ይህንኑ ጥያቄ ለገዢዎቿም ስትጠይቅ ነው የኖረችው። እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ የአሊ ኢብን ዳውድ ቤት ነው ከተማዋን የገዛው። ማታ ማታ የአምስቱ በሮች ቁልፍ ለአሚሩ ይደርስ ነበር። በሩም ቁልፉም የአንድ ቤት።

ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ገብተው አሚር መሐመድን ገደሉ። አሥር ዓመት ገዝተው ሲወጡ እንግሊዞች ከተማዋን ለማን እንስጥ ብለው አሰቡ። ለማን ሰጡ? ለተገደለው አሚር ልጅ፣ ለአብዱላሂ። ሌላ ምን ሥራ ሠርቶ? አባቱ አባቱ ስለሆነ። አብዱላሂ በዙሪያው ሁሉ ጠላት ያለበት፣ ግምጃ ቤቱ የተራቆተ፣ ሠራዊቱ የተበተነ ከተማ ተረከበ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የጣሊያን ተጓዦች ቡድን ተገደለ፤ ለምኒልክ ምክንያት ሆነ፤ በጥር 1879 ጨለንቆ ላይ ሁሉም ነገር አለቀ። ሐረሪ ጎረቤቶቼ ጨለንቆን የሚያነሱት ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ያ ልጅ ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ሐረር የሚያስፈልጋት የአባቱ ልጅ ነበር ወይስ ዙሪያውን አስታርቆ በሩን የሚጠብቅ ሰው? ጥያቄው አልተጠየቀም። ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ዋጋ የከፈለው ደግሞ ጨለንቆ ሜዳ ላይ የቀረው ሰው ነው።

አሸናፊው ምኒልክስ ከተማዋን ለማን ሰጡ? ለአክስታቸው ልጅ፣ ለመኮንን ወልደ ሚካኤል። ልክ ነው፤ መኮንን ብርቱ ነበሩ። ዓድዋ ዘምተዋል፤ ሮምና ለንደን ደርሰው ከነገሥታት ጋር ተነጋግረዋል፤ ሐረርን 19 ዓመት ገዝተዋል። ቢሆንም ያው ዘመድ ናቸው።

መጋቢት 1898 መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቁልቢ ላይ አረፉ። ልጃቸው ተፈሪ 13 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደጃዝማች ተብሏል። በ13 ዓመት ደጃዝማች! እኔ በ13 ዓመቴ ብስክሌት ለመከራየት ሳንቲም እለምን ነበር።

ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት ተረት ልጁ ቀጥ ብሎ የአባቱን ቦታ እንደያዘ ነው። አይደለም። ሐረር የተሰጠችው ለታላቅ ወንድሙ ለይልማ መኮንን ነው። ይልማ የእቴጌ ጣይቱን ዘመድ አግብተው ነበር፤ አያችሁ፣ እዚህም አባት ብቻውን አልበቃም፤ አማችም ይቆጠራል። ይልማ በ1900 ሞቱ። ቀጥሎ ባልቻ ሳፎ መጡ፤ ከአድዋ የመድፍ ሜዳ የተነሱ፣ የማንም መስፍን ልጅ ያልሆኑ ሰው። በ1902 ደግሞ ባልቻ ተነስተው ሐረር ለተፈሪ ተሰጠች። 17 ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ሞት እስከዚያ አራት ዓመት አልፏል፤ የአባቱ ሎሌዎች ግን የትም አልሄዱም ነበር። ቡናውም፣ ጉምሩኩም፣ ከ1895 ወዲህ ድሬዳዋ ድረስ የመጣው ባቡርም እዚያው ነው። ሐረር ከአገሪቱ ሀብታም ግዛቶች አንዷ ነበረች። ልጁ የወረሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ስሙን ተከትሎ የሚመጣ ሰውና ገንዘብ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። «ሰውየው ግን ችሎታ ነበረው!» ይላል። አዎ ነበረው። በልጅነቱ ከአባ ሳሙኤልና ከፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ ከአባ ዣሮሶ የተማረ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ፣ ሲናገሩት ታግሦ የሚሰማ ሰው ነበር። አገሪቱን የመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ አስገብቷል። ችሎታውን አልክድም።

ግን ያን ችሎታ ማን አየው? በዚያው ዓመት እዚያው ሐረር ውስጥ ከእሱ እኩል ብሩህ የሆነ የገበሬ ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ፣ የቁርኣን ቤት ደረሳ አልነበረም? ነበረ። ስሙን አናውቅም። ወራሽነትን የሚያሞግሱ ሰዎች ሁልጊዜ የተሳካለትን ወራሽ ነው የሚያሳዩን። ያልተጠሩትን ሊያሳዩን አይችሉም፤ አልተጠሩማ። እኔ አንዷን አውቃለሁ፤ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስሜን ያነበበችውን።

ደግሞ የተፈሪ ጉዞ ራሱ ለውርስ ምስክር አይሆንም፤ ተቃራኒው ነው። ምኒልክ ሕጋዊ ወራሽ ትተው ነበር፦ የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን። «ይህን ቃል ያፈረሰ የተረገመ ይሁን» የሚል ዓይነት አዋጅ በታወጀባት አገር፣ መስከረም 17 ቀን 1909 መሳፍንቱና ካህናቱ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ። ኢያሱ በዚያ ሰዓት እዚሁ ወደ እኛ አካባቢ፣ ወደ ሐረርና ጅጅጋ ነበሩ፤ ተፈሪን ከሐረር ያነሷቸውም ገና በዚያው ክረምት ነው። ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ። በወሩ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ ሺዎች ረገፉ። ልብ በሉ፦ ውርስ ሰላም ያመጣል የሚባለው ነገር፣ ሁለት የወራሽ ቤቶች ሜዳ ላይ ተጋጥመው ነው የተፈታው።

ከዚያስ? በአጥር ዘልሎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አጥሩን ማስረዘም ነው። ጥቅምት 1923 ዘውድ ጫኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ሦስተኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥትነት ክብር ከእሳቸው ዘር እንዳይወጣ አሰረ። የምኒልክን ወራሽ በጉባኤ የሻረ ትውልድ፣ ከእንግዲህ ጉባኤ እንዳይሽር በወረቀት ቆለፈው። የበሩ ቁልፍ እንደገና አንድ ቤት ገባ።

ስሞቹንም እዩዋቸው። ንጉሡ ልጃቸውን በአባታቸው ስም መኮንን አሉት፤ የሐረር መስፍን አደረጉት፤ በፈረንጅ አፍ ዱክ። ዛሬ ከፈረስ መጋላ ወጥታችሁ፣ ባጃጅ ከሚጋፋበት ሰፊ በር ስትደርሱ «ዱክ በር» ነው የምንለው። ከአምስቱ የጥንት በሮች በኋላ የመጣ ስድስተኛ በር። ልዑሉ በ1949 በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ማዕረጋቸው ግን በአፋችን ቀረ።

* * *

የሚያስቀው፣ ወይም የሚያስለቅሰው፣ የንጉሡ ጠላቶችም ከዚህ በሽታ አልዳኑም። ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መኮንኖች ተነሱ። የረሃብተኛውን፣ የገባሩን ነገር አነሱ። ከዚያ በሬዲዮ ማንን አናገሩ? አልጋ ወራሹን አስፋ ወሰንን። በግድ ይሁን በውድ ሌላ ክርክር ነው፤ አባትን ለማውረድ የልጁ ድምፅ አስፈለጋቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን በቮልስዋገን ሲወስዳቸውስ? በመጀመሪያው አዋጁ፣ ለሕክምና ውጭ አገር ያሉት አልጋ ወራሽ ተመልሰው ንጉሥ ይሆናሉ አለ! ዘውዱን የሰረዘው ከወራት በኋላ መጋቢት 1967 ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል የኖረበት አገር፣ መንግሥት ግን ለወራሹ እንደሆነ በሁሉም ጭንቅላት ተጽፎ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር መረጋጋት ነው። «ቢያንስ ደም አይፈስም» ይላሉ። ሰገሌን ነግሬያችኋለሁ። ሎሜን ነግሬያችኋለሁ። ንጉሡም በ81 ዓመታቸው፣ ልጃቸው በስትሮክ ወድቀው፣ በ1966 ሚያዝያ የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ለወራሽነት ሰየሙ። ወሎ በረሃብ አልቋል፤ ወታደሩ በየካምፑ አምጿል፤ ተማሪው መንገድ ላይ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ መልስ ግን አንድ ተጨማሪ ስም ነበር። ውርስ የሚያረጋጋው ቤተሰቡን ነው። አገሩ ግን እየጠበቀ ነው፤ ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቀን ስለሌለው አንድ ቀን በአንዴ ያቀርበዋል።

* * *

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሰኔ 2012።

ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሰው ሞቷል፤ ሱቅ ተቃጥሏል፤ በር ዘግተን ነው የተቀመጥነው። በዚያው ሰሞን ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ከነፈረሱ ወደቀ። ለንደን ውስጥ ዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ ደግሞ የልጃቸው የኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። አባት እዚህ፣ ልጅ እዚያ።

ኔትወርክ ሲመለስ አገሩ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። ግማሹ «አባታችንን አፈረሱብን» ይላል። ግማሹ «የአባቶቻችን ገዳይ ወደቀ» ይላል። እኔ ያንን ሐውልት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥላው ሥር ተቀምጬ ሸንኮራ የበላሁበት ነው፤ ባዶውን ቦታ ሳይ ያመኛል። የጨለንቆ ሰዎች ልጆች ያን ፈረሰኛ ቀና ብለው ሲያዩ ምን ይሰማቸው እንደነበርም ይገባኛል። ሁለቱም ሕመም እውነት ነው። ግን ሁለቱም ወገን ያለው ቃል አንድ መሆኑን ልብ አላችሁ? አባት። ሐውልቱ በልጁ ዘመን ለአባቱ ቆመ፤ የወደቀውም በአባቶች ስም። በመሃል ላይ ስለ ዛሬዋ ሐረር፣ በጀሪካን ውኃ ስለምትጠብቀው ከተማ፣ ስለ ሥራ አጡ ልጅ የጠየቀ የለም። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ ግን ዕዳውንም ወንበሩንም ነው የምንካፈለው።

ስለዚህ ለዚያ አስተያየት ጸሐፊ መልሴ ይሄ ነው፦ ወንድሜ፣ አንተ የናፈቀህ ንጉሥ አይደለም። የናፈቀህ ነገ ማን እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ይገባኛል፤ እኔም ደክሞኛል። ግን ነገ ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚታወቅበት አገር፣ አንተ የማትመጣበት አገር ነው። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ራስህን ፈልግ እስቲ። ካባ የለበሰው አንተ አይደለህም። ከኋላ ጃንጥላ የያዘውም ላትሆን ትችላለህ፤ እሱም የሰው ልጅ ነው።

* * *

ባለፈው ዓመት ሥራውን ለቀቅኩ። ጀግና ለመባል አይደለም፤ ሌላ ሥራ ስላገኘሁ ነው። ሌላውን ተፈትኜ ይሁን ተጠርቼ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ተፈትኜ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው።

ደብዳቤዬን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ጋሼ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«እሺ ልጄ፣ ይቅናህ። ታናሽ ወንድምህ ግን ተመርቋል አይደል?»

ተመርቋል። ሥራ የለውም። እናቴ ይህን ብትሰማ በዚያች ደቂቃ ጫማዋን ሳታደርግ ትመጣ ነበር። እኔም ለአንድ አፍታ ዝም አልኩ፤ አልዋሻችሁም፣ ዝምታዬ ረጅም ነበር። ከዚያ «ጋሼ፣ ማስታወቂያው ይውጣ፤ ከፈለገ እንደ ማንም ይመዝገብ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ወንድሜም ሲሰማ ለሳምንት አላናገረኝም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይጻፍ። ያረመው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ አይወቅ። ውጤቱ ከነነጥቡ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ባዶ የተተወው ጥያቄም ዜሮ ይባል። በአንድ የሐረር ቢሮ ውስጥ ይህን ማድረግ ካቃተን፣ ስለ ሎሜና ንጃሜና ቤተ መንግሥት የምናወራው ለምን ብለን ነው? በር ላይ ያሉት እናት ግን ይጠይቁኝ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይበሉኝ። የአባቴን ስም በኩራት እነግራቸዋለሁ። ለቡና ነው የጠየቁኝ።